ሳጋ፣ ሞንስተር፣ አያ ወይስ ዘ ዎኪንግ ዴድ? ለአዋቂ የኮሚክ አንባቢ ንጽጽር

ሐዋሳ ላይ ለአዋቂ የሚሆን ኮሚክ፣ ማለት በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ማግኘት ሰው ማስቸገርን ይጠይቃል። ፒያሳ ባሉት መጽሐፍ ቤቶች ስጠይቅ የሚወጣልኝ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይለመናል። የሱ ሻንጣ ደግሞ 23 ኪሎ ነው፤ የእናት አደራ፣ የወንድም ጫማ፣ የአራስ ልጅ ልብስ ቀድሞ ገብቶበታል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አራት ተከታታዮችን በዚህ መንገድ እያስመጣን ተቀባብለን አንብበናል። የምጽፈው የቀረችውን ትንሽ ቦታ በየትኛው መሙላት እንደሚሻል ነው።

ሙታን ተነሥተው በሕይወት ያሉትን የሚያሳድዱበትን ዘ ዎኪንግ ዴድን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን ታውቁታላችሁ። ኮሚኩ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2019 በ193 ክፍል ወጥቶ አልቋል። በአራት ግዙፍ ጥራዞች ተጠቃሎ ይሸጣል፣ እያንዳንዱ ከ1000 ገጽ በላይ ነው። ተጋድሞ ማንበብ አይቻልም፤ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ ቀይ ሆኖ አይጮህም፣ ጭካኔው ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ክፍል 100 ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ሐይቁ ዳር በእግሬ ሄጄ ነው የተመለስኩት። መከራ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ማየት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ኪሎውን ግን ይበላል።

ሳጋ የብራያን ኬ. ቮንና የሠዓሊዋ የፊዮና ስቴፕልስ ሥራ ነው፣ በ2012 ጀመረ። ክንፍ ያላቸውና ቀንድ ያላቸው ሁለት ሕዝቦች ይዋጋሉ፤ ከሁለቱ ወገን የመጡት አላና እና ማርኮ ተጋብተው ይሸሻሉ። ታሪኩን የምትነግረን አድጋ ወደ ኋላ የምታስታውሰው ልጃቸው ሔዘል ናት። ከአራቱ በሥዕል የሚያምረው ይሄ ነው፤ ስቴፕልስ የሰው ፊት ላይ ድካምን፣ ኩርፊያን፣ ፍቅርን የምታስቀምጥበት መንገድ ቃል አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ቅጽ ሽፋን ላይ አላና ልጇን እያጠባች ትታያለች። ታክሲ ውስጥ እናት ስታጠባ ለምናይ ለእኛ ይሄ ምንም አይደለም፤ ውስጡ ግን ያለ መጋረጃ የተሣለ ወሲብ አለ። አንድ ቀን የአከራያችን የስምንት ዓመት ልጅ ቡና ሲፈላ ሥዕሉ ስቦት ከመደርደሪያው ሊያወርደው ሲል ደረስኩበት። እዚህ አገር ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሁሉ የልጅ ነው ተብሎ ይታሰባልና ልጆች ካሉበት ቤት ሳጋን ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ሌላው ችግሩ አለማለቁ ነው። በ2018 ክፍል 54 ላይ ቆሞ በጥር 2022 ተመልሷል፤ ደራሲዎቹ ያቀዱት 108 ክፍል ነው። መጠበቅ የማይችል ሰው አይጀምረው።

ሞንስተር ማንጋ፣ ማለት የጃፓን ኮሚክ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ ከአሥር ገጽ በኋላ ይለመዳል። ናኦኪ ኡራሳዋ ከ1994 እስከ 2001 የሠራው ሲሆን በ18 ቅጽ ተጠናቋል፤ በ9 ወፈር ያሉ ቅጾች የተሰበሰበም አለ። ጀርመን የሚሠራ ጃፓናዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከንቲባውን ትቶ ቀድሞ የመጣውን ሕፃን ያክማል። ከዓመታት በኋላ ያዳነው ልጅ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይመጣበታል። የአዋቂ የሚያደርገው የሚያነሣው ጥያቄ ነው፤ ሥዕሉ እንደ ሳጋ አያሳፍርም። ሐኪም ጓደኛችን ሁለት ጊዜ አንብቦታል።

የኔ ምርጫ አያ ናት። የማርገሪት አቡዌ ድርሰት ነው፣ ሥዕሉ የክሌማን ኡብረሪ። አቡዌ የተወለደችው አይቮሪ ኮስት፣ አቢጃን ከተማ ነው፤ ታሪኩም እዚያው ዮፑጎን በሚባል ሠፈር በ1978 ይጀምራል። አያ የ19 ዓመት ልጅ ናት፣ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ጓደኞቿ አጁዋና ቢንቱ ሐሳባቸው ጭፈራና ወንድ ላይ ነው። ጦርነት የለም፣ ረሃብ የለም፤ አፍሪካ በሥዕል ስትመጣ የምንጠብቀው ነገር ሁሉ ቀርቶ ሐሜት፣ ያልታሰበ እርግዝና፣ ከሚስቱ የሚደብቀው ነገር ያለው አባት፣ ደሃን የሚንቅ ባለጸጋ አለ። ሲመሽ ባዶ የሚቀረውን የገበያ አደባባይ ወጣቶቹ ሺህ ኮከብ ሆቴል ይሉታል፤ ጣሪያው ሰማይ ነውና። ጥንዶቹ በጨለማ መደቦቹ መሃል ሲፈላለጉ ሠዓሊው ሰማያዊውን ቀለም አጥቁሮ ዓይናቸውንና ጥርሳቸውን ብቻ ያበራል። ሠፈሬን ያየሁ መሰለኝ። የኋላ ገጾቹ ላይ የምግብ አሠራር ሳይቀር አለ፤ የለውዝ ማባያውን ሠርተን ከሩዝ ጋር በልተናል። ቅጂያችን ላይ ከአሞራ ገደል ዓሣ የተረፈ ዘይት አጁዋ ቀሚስ ላይ ቀርቷል፤ እንደሱም ሆኖ የሚለምነን ሰው አይጠፋም።

ለአንድ ቀጭን መጽሐፍ ብቻ ቦታ ካለ ግን ፐርሰፖሊስን አስመጡ። የማርጃን ሳትራፒ ነው፤ አራቱ ክፍሎች በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ይገኛሉ። የ1979ኙን የኢራን አብዮት በሕፃን ዓይን ያሳያል። ከአገራችን የ1966ቱ አብዮት ወዲህ የታሰረ አጎት ታሪክ ሲወራ ላደገ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ስታዝዙ የምትፈልጉትን ጥራዝ ስሙን ሙሉውን ጻፉ። እኔ «አያ» ብዬ ብቻ መልእክት ብልክ የአክስቴ ልጅ ሁለተኛውን ቅጽ ለብቻው ይዛ መጣች፤ መነሻውን ለማግኘት ስምንት ወር ጠበቅኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች የያዘው የእንግሊዝኛ ጥራዝ «አያ፦ ላይፍ ኢን ዮፕ ሲቲ» ይባላል፣ ቀጣዮቹን ሦስት የያዘው «አያ፦ ላቭ ኢን ዮፕ ሲቲ»። ሁለቱ አንድ ላይ ተደርበው ከአንዱ የዎኪንግ ዴድ ጥራዝ ያንሳሉ።