ደሴ ፒያሳ የሚሸጠው የጃፓንኛ ሰዋስው ጥራዝ ይገዛል?

ይገዛል፤ ግን እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡት። ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በ150 ብር የሚሸጠው ይህ ባለ 72 ገጽ ጥራዝ የጃፓንኛን መሠረታዊ ሰዋስው በአማርኛ ያስረዳል። ትልቅ ማስተዋል ያለበት ሥራ ነው። ጀማሪን ለወራት የሚያሳስቱ ግድፈቶችም አሉበት፤ ሁለቱንም ገጽ እየጠቀስን እናሳያለን።

ጥንካሬው ከመነሻው ይታያል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ማስተማሪያዎች ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱን ለማስለመድ ብዙ ይደክማሉ። «አበበ በሶ በላ» እያለ ማንበብ ለጀመረ ሰው ግን ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጥራዙ ገጽ 4 ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ወስዶ «አበበ ዋ በሶ ኦ ታቤማሽታ» ይለዋል። የቃላቱ ቅደም ተከተል አልተነካም። ቀጥሎም «ኦ» የኛን «ን» ሥራ እንደምትሠራ ይናገራል። ትክክል ነው፤ የጎደለው አንድ ነገር ነው። እኛ «ን»ን የምንጨምረው ነገሩ የታወቀ ሲሆን ነው፤ «በሶ በላ» እና «በሶውን በላ» አንድ አይደሉም። ጃፓንኛ ይህን ስለማይለይ «ኦ» በሁለቱም ትገባለች። የደሴ ተማሪ «በሶ ታቤማሽታ» ብሎ «ኦ»ን የሚረሳው ለዚህ ነው። ገጹ ዳር ላይ ጻፉት።

ከሁሉ የምንወደው ምዕራፍ 3 ነው። «ዋ» የተባለችው ተለጣፊ ስንቱን ጀማሪ ታሰቃያለች። ጥራዙ በሁለት ቃል ገላገለን፦ «አንተስ?» «አናታ ዋ?»። አማርኛው «ስ» ወሬውን ወደ ሌላ ሰው እንደሚያዞረው ሁሉ «ዋ»ም የምናወራው ስለማን እንደሆነ ታስታውቃለች። «እኔም» ደግሞ «ዋታሺ ሞ» ነው። «ማንም አልመጣም» ሲባል «ዳሬ ሞ ኪማሴን ዴሽታ»፣ «ምንም» ሲባል «ናኒ ሞ»። «ማን» ላይ «ም»፣ «ዳሬ» ላይ «ሞ»፤ አሠራሩ አንድ ነው። ይህን ያህል ግልጽ ማብራሪያ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አይገኝም፤ አዘጋጁ ሊመሰገን ይገባል። እዚያው ላይ ግን የድርጊቱን ባለቤት የምታመለክተውን ተለጣፊ «ጋ»ን በሁለት መስመር አልፏታል። ቢያንስ ይህ ይታወቅ፦ «ማን መጣ?» ብለን ስንጠይቅ «ዳሬ ጋ ኪማሽታ ካ» እንላለን፤ «ዳሬ ዋ» አይባልም። ለጥያቄው ሲመለስም መጣ የተባለው ሰው «ጋ»ን ይዞ ነው የሚነገረው።

ምዕራፍ 4 አጭር ነው፣ አጭር መሆኑም ተገቢ ነው። እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳሉ፤ ሁሉም «ኢኪማሱ» ነው። ከ፣ ወደ፣ በ ከስሙ በፊት ሳይሆን በኋላ ይመጣሉ፦ «ደሴ ካራ ኮምቦልቻ ኤ ባሱ ዴ ኢኪማሱ»፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። የኛ «በ» ግን ሁለት ቦታ ይከፈላል። ደሴ ስትኖሩ «ደሴ ኒ ሱንዴ ኢማሱ» ነው፤ ደሴ ውስጥ ሥራ ስትሠሩ ወይም ስትማሩ «ኒ» ቀርታ «ዴ» ትገባለች። ጥራዙ ይህን በትክክል ይለያል፣ መልመጃውም በቂ ነው።

ምዕራፍ 5 ላይ ጠንቀቅ በሉ። ስለ ሰዓት ሲያስረዳ «ሳንጂ»ን «3 ሰዓት»፣ «ኩጂ»ን «9 ሰዓት» ብሎ ተርጉሟል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን የጃፓን አቆጣጠር ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። በኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 3 ሰዓት እነሱ ዘንድ «ኩጂ» ይባላል፤ «ሳንጂ» ደግሞ የኛ 9 ሰዓት ነው። በዚህ ጥራዝ ብቻ የተማረ ሰው ቀጠሮውን በ6 ሰዓት ልዩነት ያዛባል።

ቅጽሎች ላይ ያለው ስህተት ከአማርኛችን የመጣ ነው። እኛ «ውድ ነው»ን ወደ ኃላፊ ጊዜ ስንወስደው «ነው»ን ብቻ ቀይረን «ውድ ነበር» እንላለን። ጥራዙ ገጽ 29 ላይ በዚሁ መንገድ «ታካይ ዴሽታ» ብሎ ጽፏል። አይባልም። መጨረሻቸው «ኢ» የሆነ ቅጽሎች ራሳቸው ይለወጣሉ፤ ትክክሉ የመጨረሻው «ታ» ጠብቆ «ታካካታ ዴሱ» ነው። «ሺዙካ» ዓይነቶቹ ግን እንደኛው ናቸው፦ «ሺዙካ ዴሽታ»፣ ጸጥ ያለ ነበር።

አሁን ወደ ቦዝ አንቀጽ። ምዕራፍ 6 በእውነት ደስ የሚል ሥራ ነው። «ተነስቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ሄደ» የሚለው «ኦኪቴ፣ አሳጎሃን ኦ ታቤቴ፣ ኢኪማሽታ» ይሆናል፤ የኛ «በልቼ፣ በልተህ፣ በልተው» ሁሉ «ታቤቴ» ብቻ ነው። «ቀምሰህ እየው» የምንለውን እነሱም «ታቤቴ ሚቴ» ይላሉ፣ «በልተህ እይ» ማለት ነው። አመሠራረቱን በሰንጠረዥ አስቀምጦታል። መጨረሻቸው «ሙ፣ ቡ፣ ኑ» የሆኑት ወደ «ንዴ» (ዮሙ፣ ዮንዴ)፣ «ኩ» ወደ «ኢቴ» (ካኩ፣ ካይቴ)፣ «ጉ» ወደ «ኢዴ»፣ «ሱ» ወደ «ሺቴ»፣ «ኡ፣ ትሱ፣ ሩ» ደግሞ ጠብቆ ወደሚነበብ «ቴ» ይሄዳሉ። «ኢኩ» ከሕጉ ወጥቶ ጠብቆ «ኢቴ» እንደሚሆን ግን አልነገረንም። እንደ «ታቤሩ» ያሉት ግሦች ደግሞ «ሩ»ን ጥለው «ቴ»ን ብቻ ስለሚወስዱ በዚህ ሰንጠረዥ አይገዙም።

ገጽ 38 ላይ «ታቤቴ ኢማሱ»ን «በልቷል» ብሎ መተርጎሙ አያስገርምም፤ «በልቷል» ራሱ «በልቶ» እና «አለ» ተዋህደው የተሠራ ስለሆነ ግንባታው ያው ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን «እየበላ ነው» ማለት ነው። የሁኔታ ለውጥን በሚያሳዩ ግሦች ላይ ደግሞ የኛው አካሄድ በትክክል ይሠራል፦ «ኬኮን ሽቴ ኢማሱ» አግብቷል፣ «ሺንዴ ኢማሱ» ሞቷል። ይህን ለይቶ ቢያስቀምጠው ኖሮ ምዕራፉ እንከን አይወጣለትም ነበር።

«ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ሲሉ «የ»ን እየፈለጉ «ኖ» የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። «ኖ» የምትገባው «የእኔ መጽሐፍ» («ዋታሺ ኖ ሆን») ዓይነት ላይ ነው። ግሥ ስምን ሲገልጽ በመካከላቸው ምንም አይገባም፤ ሁለተኛው ቃል ላይ «ታ» እየጠበቀ «ኪኖኡ ካታ ሆን» ነው። ጥራዙ ይህን ገጽ 51 ላይ በሚገባ አስረድቷል።

ትልቁ ችግር አጻጻፉ ነው። መጨረሻ ላይ ከተለጠፈው ሰንጠረዥ በቀር ጃፓንኛው ሁሉ በፊደላችን ብቻ ነው የተጻፈው። ጃፓንኛ አምስት አናባቢ ነው ያለው፤ የኛ ግዕዝና ሳድስ ድምፆች እዚያ የሉም። ጥራዙ ግን «ካ» ማለት ሲገባው ብዙ ቦታ «ከ» ብሏል። ከዚያ የሚብሰው ጥብቀት ነው። «አለ» ብለን ጽፈን «ተናገረ» ወይም «ይገኛል» መሆኑን ከዓረፍተ ነገሩ እንለያለን፤ ጀማሪ ግን በማያውቀው ቋንቋ ይህን አይችልም። «ኪቴ» ላልቶ ሲነበብ «መጥቶ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ቆርጦ» ነው። ጆሯችን ጥብቀትን አሳምሮ ስለሚለይ የሚያስፈልገው ምልክት ብቻ ነው፤ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ። የአናባቢ ርዝመት ግን አማርኛ ውስጥ ትርጉም ስለማይለይ ጆሯችን ያልፈዋል። «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ኦባኣሳን» አያት ናት። «ቢሩ» ሕንፃ ነው፣ ኮምቦልቻ የሚጠመቀው ቢራ ግን «ቢኢሩ» ነው። ረጅሙን አናባቢ የሁለት ፊደል ያህል ጊዜ ስጡት።

ስለዚህ ጥራዙን ከመጀመራችሁ በፊት የጃፓንኛን መሠረታዊ ፊደል፣ ሂራጋናን፣ አጥኑ። መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው፤ በቀን አምስት ብትይዙ በአሥር ቀን ያልቃሉ። «ካ፣ ኪ፣ ኩ» እንደ ፊደላችን ቤተሰብ ሆነው አይመሳሰሉም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠናል። ከዚያ የጥራዙን ምሳሌዎች ራሳችሁ በሂራጋና እየገለበጣችሁ ተማሩ። ሦስቱን አትርሱ፦ ተለጣፊዋ «ዋ» በ«ሃ» ፊደል ትጻፋለች፣ «ኤ» በ«ሄ»፣ የ«ን» አቻዋ «ኦ» ደግሞ የራሷ ፊደል አላት።

ጥራዙ አብሮት የሚደመጥ ድምፅ የለውም። ለኤን 5፣ ማለትም ለጃፓንኛ ችሎታ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ፣ ለሚዘጋጅ ይህ ቀላል አይደለም። ከ180 ነጥብ 60ው የማዳመጥ ነው፤ ማለፊያው 80 ቢሞላ እንኳ ማዳመጡ ከ19 በታች ከሆነ ተፈታኙ ይወድቃል። የጃፓንን ቋንቋና ባህል የሚያስፋፋው ተቋም፣ የጃፓን ፋውንዴሽን፣ የጀማሪ ትምህርቶችን ከነድምፃቸው በነፃ ያቀርባል፤ ዋይፋይ ያገኛችሁ ቀን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ አዳምጡ፣ ድምፁን ተከትላችሁ ጮክ ብላችሁ ድገሙ።

የመጨረሻው ስለ ኅትመቱ ነው። ገጽ 70 ላይ የሂራጋና ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ከቅጂ ላይ የተቀዳ ስለሆነ በአንዳንዱ ጥራዝ ምልክቶቹ ጠፍተዋል። «ካ» ላይ ሁለት ጭረት ሲጨመር «ጋ» ይሆናል፤ «ሃ» ላይ ሁለት ጭረት «ባ»፣ ትንሽ ክብ ደግሞ «ፓ» ያደርገዋል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ያንን ገጽ ገልጣችሁ ጭረቱና ክቡ የሚለዩ መሆናቸውን እዩ፤ ካልተለዩ ከዋናው እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ።