ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፦ ጅማ ላይ ብረት ሥራ ላለበት ሁሉ

ሰላም የጅማ ልጆች። አንድ የቶርኖ ባለሙያ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው።

የምታውቁኝ እንደምታውቁት የሌሊት ሰማይ ፎቶ አነሳለሁ። ባለ 80 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ አለኝ፤ ካሜራዬን ከኋላው እገጥማለሁ። ሁለቱንም ተሸክሞ ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞራቸው ማውንት የሚባለው ነው። ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንዴ በራሷ ላይ ትዞራለች፤ ማውንቱ በዚያው ፍጥነት በተቃራኒው ካልዞረ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ለዚህ ደግሞ የማውንቱ ዘንግ ወደ ሰማዩ ሰሜን ዋልታ፣ ማለትም ኮከቦቹ ሁሉ የሚዞሩበት ወደሚመስለው ነጥብ፣ መነጣጠር አለበት። አውሮፓ ላይ ዋልታው ከፍ ያለ ነው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ዋልታው ከአድማሱ ብዙም አይነሳም፤ ዘንጉ ሊጋደም ምንም አይቀረው። የእኔ ማውንት ከ18 ዲግሪ በታች አይወርድም፤ ብሎኑ ከአካሉ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል።

መፍትሔው ከሥሩ 15 ዲግሪ ያዘመመ የብረት ሽብልቅ ማስገባት ነው። ያኔ ማውንቱን 22.7 ላይ ሳስረው ዘንጉ 7.7 ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ሌላ ቦታ አሠራሁ። በብየዳው ሙቀት ብረቱ ተጣሞ ኖሮ ማውንቱ ይወዛወዝ ነበር። የሁለት ወር ፎቶ ሁሉ ተበላሸብኝ፤ በጣም ነበር ያዘንኩት።

ከዚያ መርካቶ አካባቢ ወደሚሠሩት ጋሼ ሄድኩ። የዕለት ሥራቸው የወፍጮና የቡና መፈልፈያ ማሽን ዕቃ ነው። የሠራሁትን ሥዕል አየት አድርገው "ልጄ፣ ዕቃውን ራሱን አምጣው" አሉኝ። በማግስቱ አመጣሁት። ዘንጉን በእጃቸው አጋድመው ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ከዚያ ቆም አሉና "ይሄ ክብደቱን የያዘው ብረት ሲዞር የትራይፖዱን (የባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ) እግር አይመታም?" አሉ። ይመታል! ሽብልቁን ብቻ ሠርተው ቢሰጡኝ ኖሮ ሜዳ ላይ ነበር የማውቀው። ከሥሩ 20 ሳንቲሜትር ወፍራም ቱቦ ጨመሩልኝ፤ ችግሩ በዚያው አለቀ።

አሠራራቸውን ቁጭ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን ነካ ነካ አድርገው በየዱ፣ አቆዩት፣ ከዚያ ሞሉት። "ብረት ሲሞቅ ይጎተታል፤ ልኩ የሚወጣው ከበረደ በኋላ ነው" አሉ። በማግስቱ ቶርኖ ላይ አስረው ፊቱን ጠረቡት። ሲጨርሱ መስተዋት ላይ አስቀምጠው ከሥሩ ወረቀት ለማስገባት ሞከሩ። ዙሪያውን ሞከሩ፤ በየትም አልገባም። ዕቃውን የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ጨረቃ በሌለችበት የታኅሣሥ ሌሊት ሰርቦ፣ አጎቴ ግቢ ወሰድኩት። 6 ሰዓት ገደማ የኦሪዮን ኔቡላ፣ ሰማይ ላይ ያለ ትልቅ የጋዝና የአቧራ ዳመና፣ ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 1,300 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ድሮ በ30 ሰከንድ ኮከቡ ጭረት ይሆንብኝ ነበር፤ አሁን ካሜራውን ሁለት ሁለት ደቂቃ ከፍቼ 40 ጊዜ አነሳሁ፤ ኮከቦቹ ክብ ናቸው። ዳመናው ክንፉን ዘርግቶ ካሜራዬ ላይ ሳየው እንባዬ መጣ።

አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ፎቶውን ብርሃን ላይ አዩት፣ ካሊፐራቸውን አነሱና ትልቁን ኮከብ በቁመትም በወርድም ለኩት። "እኩል ነው" አሉ፤ ፊታቸው በራ። ግድግዳቸው ላይ ከወፍጮ ጥርሶቹ አጠገብ ሰቅለውታል።

ብረቱን ጨምሮ የከፈልኩት 2,800 ብር ነው፤ ባሉኝ ቀን ነው ያስረከቡኝ። የማሽን ዕቃ፣ የተበላ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ)፣ ልክ የሚፈልግ ማንኛውም ነገር ያለባችሁ ሂዱ። ስልካቸውን አደባባይ ላይ ማውጣት ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልካለሁ። ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ዕቃውን ራሱን ውሰዱላቸው። አርብ ከሰዓት ለጁምዓ ይዘጋሉ።