መኪና ለሚያስጨንቀው ውሻ ምን ይገዛ? ሃርነስ፣ ኬጅ ወይስ መድኃኒት

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታም ሆነ በገላን ያለ የግቢ ውሻ መኪና ውስጥ የሚገባው ባብዛኛው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲሄድ ነው። ሲወርድ የሚጠብቀው መርፌ ነውና በቀጣዩ ጊዜ በሩ ሲከፈት እግሩን ተክሎ እምቢ ቢል አይፈረድበትም። ባለቤቱ ዕቃ መፈለግ የሚጀምረው ያኔ ነው። ነገር ግን ውሻው የፈራ ነው ወይስ መኪናው እያቅለሸለሸው? ይህ ሳይታወቅ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው፤ ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሠራም።

መለያው ቀላል ነው። ሞተር ሳይነሳ ውሻውን አስገብታችሁ 5 ደቂቃ ያህል ተመልከቱት። መኪናው ቆሞ እያለ ከተንቀጠቀጠ፣ ካለከለከ፣ ጅራቱን ከወሸቀና በሩን ከቧጨረ ፍርሃት ነው። ቆሞ ሳለ ደህና ሆኖ ጉዞው ሲጀመር ከንፈሩን ከላሰ፣ ደጋግሞ ካዛጋ፣ ለሃጩን ካዝረበረበና በመጨረሻ ካስመለሰ ማቅለሽለሽ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ከሱሉልታ ሲመጣ የእንጦጦ ኩርባዎች ላይ ያስመልስና ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ተኝቶ ሊሄድ ይችላል። ቡችሎች ላይ ይብሳል፤ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሯቸው ገና አልጠነከረም፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። አስቸጋሪው ሁለቱ ሲደራረቡ ነው። ደጋግሞ ያስመለሰ ውሻ መኪናውን ገና ሲያየው ለሃጩ ይወርዳል። እዚህ ላይ ማቅለሽለሹ ካልቆመ ፍርሃቱን ማላመድ ዋጋ የለውም።

ሃርነስ (ደረትና ጀርባ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ) ወይስ ኬጅ (ውሻው የሚገባበት ሳጥን)? ለቪትዝና ለኮሮላ ሃርነስ ይሻላል፤ ለመካከለኛ ውሻ የሚበቃ ኬጅ የኋላ ወንበር ላይ በወጉ አይቀመጥም። ስትገዙ ልኩን በፊት እግሮቹ ጀርባ፣ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፤ ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ደረቱ ላይ የሚያርፈው ክፍል ሰፊና ለስላሳ፣ ቀለበቱ ብረት፣ ስፌቱ ድርብ መሆኑን እዩ። ርካሾቹ የሚበላሹት ከፕላስቲክ መቆለፊያው ነው፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ በሁለት እጅ በኃይል ስባችሁ ፈትኑት። ከመኪናው ቀበቶ ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ ውሻው እንዲቀመጥና እንዲተኛ ይፍቀድለት እንጂ የፊት ወንበሮች መሃል አያድርሰው። በአንገት ማሰሪያው ብቻ አትሰሩት፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጉዳቱ በሙሉ አንገቱ ላይ ነው።

በፍርሃት ለሚወራጭ ወይም ማሰሪያ ለሚበላ ውሻ ግን ኬጅ ይመረጣል፤ ስቴሽን ዋገንም ካላችሁ እንዲሁ። ርዝመቱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ለክታችሁ 10 ሳንቲሜትር ጨምሩበት፤ ቁመቱ ቆሞ ጭንቅላቱ ጣሪያውን የማይነካ ይሁን። ብየዳ ቤት ካሠራችሁት፣ በብረቶቹ መሃል መንጋጋው የሚገባበት ክፍተት አይኑር፤ የብየዳው ሹል ጫፍ ሁሉ በሞረድ ይለስልስ። በኮብልስቶን ላይ የብረት ኬጅ መንቀጫቀጡ ብቻውን ውሻ ያሳብዳል፤ ከሥሩ ጎማ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ኬጁም ከመኪናው ጋር ይታሰር። ዋናው ድክመቱ ሌላ ነው፦ ግቢ ውስጥ በሩ ተከፍቶ ምግቡን እየበላበት ሳይለምደው መኪና ላይ ከተጫነ ፍርሃቱን እጥፍ ያደርገዋል።

በፒካፕ ጀርባ በሰንሰለት ማሰር ለምርጫ የሚቀርብ ነገር አይደለም። ሰንሰለቱ ከረዘመ ውሻው ዘሎ ይንጠለጠላል፤ ካጠረ ፍሬን ሲያዝ ይታነቃል።

የወንበር ልብስ የሚባለው ተንጠልጣይ ሸራ ወንበሩን ከትውከት ያድናል፤ ውሻውን አያስርም፣ አያረጋጋም። አሮጌ ብርድ ልብስ ከሥሩ ላስቲክ ተነጥፎለት ያንኑ ይሠራል። የሚያረጋጋ ሽታ የሚረጩና ሰውነት የሚያጠብቁ ልብሶች ውጤታቸው ከውሻ ውሻ ይለያያል፤ ገንዘብ ከተረፈ ብቻ።

መድኃኒት። ለማቅለሽለሽ ማሮፒታንት አለ፤ የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ ያዛል፣ ከጉዞው 2 ሰዓት ያህል ቀድሞ ይሰጣል። ማስመለሱን ይከላከላል፣ ፍርሃትን አይነካም። ለፍርሃት ትራዞዶን ወይም ጋባፔንቲን ሊታዘዝ ይችላል፤ መጀመሪያ ጉዞ በሌለበት ቀን ቤት ውስጥ ይሞከር። አሴፕሮማዚን ብቻውን ከታዘዘ ግን ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሰውነቱን ያደክመዋል፣ ፍርሃቱ ውስጡ እንዳለ ይቀራል። የሰው የእንቅልፍ ኪኒን ቆርሶ መስጠት ፈጽሞ አይሞከርም። ከዱከም ወዲያ ላሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው። ለክትባት ብቻ ከሆነና ግቢ ድረስ የሚመጣ ሐኪም ካገኛችሁ፣ ሁሉንም ዕቃ ትታችሁ እሱን ጥሩ።

ማላመዱ ከማንኛውም ዕቃ ጋር አብሮ ይሄዳል። ለጥቂት ቀናት በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሞተር ጠፍቶ የተቀቀለ ጉበት በትንንሹ መኪናው ውስጥ ይብላ። ቀጥሎ በሩ ይዘጋ፤ ከዚያ ሞተር ይነሳ፤ ከዚያ እስከ ሰፈሩ መታጠፊያ ብቻ ደርሶ ይመለስ። ጉበቱን ከናቀ ቸኩላችኋል፤ አንድ ደረጃ ተመለሱ። በእውነተኛው ጉዞ ቀን ግን ዋናውን ምግብ ከመነሳታችሁ 4 ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ውሃ አትከልክሉት፣ መስኮቱን ሦስት ጣት ክፈቱ።

ክሊኒኩ ወረፋ ካለው መኪናው ውስጥ ትታችሁት አትግቡ። ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ 34 ዲግሪ ይደርሳል፤ በጭንቀት የሚያለከልክ ውሻ ደግሞ ቀድሞውኑ ሞቆታል።