ለአሲዳማ መሬት የሚበጀው ድጋፍ፦ ማዳበሪያ ወይስ ኖራ?

በአዊና በወለጋ ደጋማ ቀበሌዎች፣ የመንግሥት ድጋፍ ማዳበሪያን ያስቀድም ወይስ የአፈርን አሲዳማነት የሚቀንሰውን የግብርና ኖራ የሚለው ጥያቄ አርሶ አደሩንም ባለሙያውንም ያከራክራል።

በምንጭ ረገድ፣ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ኖራ ግን ከአገር ውስጥ ድንጋይ ተፈጭቶ ይመረታል።

በአያያዝ ማዳበሪያ ይቀላል፤ 50 ኪሎው ከረጢት በአህያ ተጭኖ ማሳ ይደርሳል። ኖራ ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ ከ20 ኩንታል በላይ ስለሚፈልግ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ማጓጓዣው ከራሱ ከኖራው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ በእኔ እይታ ድጎማው መድረስ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ስጋቱ ደግሞ ይለያያል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አልሙኒየምና ብረት በኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር የያዘ ማዳበሪያ) ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አስረው ስለሚያስቀሩት፣ በብድር ማዳበሪያ የገዛው ገበሬ ሥሩ ያጠረ፣ ቅጠሉ ወይን ጠጅ የመሰለ ገብስ ይዞ ዕዳ ይከፍላል። ኖራ ውጤቱ ለዓመታት ቢቆይም በመጀመሪያው መኸር ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ የማዳበሪያንም ቦታ አይተካም።

አፈሩ ተመርምሮ አሲዳማነቱ ቀላል ከሆነ፣ ወይም መሬቱ ለአንድ ዓመት ብቻ በእኩል የተያዘ ከሆነ ማዳበሪያ ይመረጣል፤ አሲዳማነቱ ለከፋበትና በራሱ ይዞታ ለሚያርስ ግን ኖራው ይቅደም።