ፍሎሪዳ ውሃ ዳር ቤት ለምታስሱ፦ ኩሽናውን ተዉትና ግንቡን እዩ

ሰሞኑን ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም "ጡረታ ስንወጣ ፍሎሪዳ" የሚል ወሬ በዝቷል። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ፣ ዕቁብ ላይ ሳይቀር ስልክ ተከፍቶ የቤት ፎቶ ይዞራል። እኔም አንዱ አዟሪ ነበርኩ። አሁን ቤቱ አለኝ፣ ዕዳውም አለኝ፣ ስለዚህ ልንገራችሁ።

የገዛነው ደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ፣ ኬፕ ኮራል የምትባል ከተማ ነው፤ በ2023 ሚያዝያ፣ በ790 ሺ ዶላር። ሦስት መኝታ ቤት፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ከጓሮው ቦይ፣ ቦዩ ላይ የጀልባ ማቆሚያ። ኤጀንቱ የራሳችን ልጅ ነው፣ ክርስትና ላይ ነው የተዋወቅነው። "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ቀን አይቆይም" ሲለኝ አመንኩት። ኩሽናው ነጭ በነጭ፣ ወለሉ አዲስ፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ባለቤቴ የመደርደሪያውን ድንጋይ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ለማያውቅሽ ታጠኝ ይሏል ይኸ ነው።

ሃሪኬን ኢያን እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2022 እዚያው አካባቢ ባለችው ካዮ ኮስታ ደሴት ላይ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር በሚሆን ነፋስ መግባቱን አላውቅም ነበር አልልም። ፎርት ማየርስ ቢች ስትጠረግ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። "ይኼኛው ሰፈር አልተነካም" ተባልን፤ ግድግዳው ንጹሕ ስለነበር ተቀበልን። ሻጩ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ፣ ወዲያው የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ፍሊፐር የሚሏቸው ዓይነት።

ሐምሌ ላይ ኤሲው ተበላሸ። ሊጠግን የመጣው ልጅ ጋራዡ ውስጥ ያለችውን ጠባብ ቁም ሣጥን ከፍቶ ከማሽኑ ጀርባ ባትሪ አበራና ጠራኝ። ከወለሉ እስከ ጉልበቴ በላይ ድራይዎሉ፣ የግድግዳው የጂፕሰም ሰሌዳ፣ አዲስ ነው፣ እንደ ወረቀት የነጣ። ከዚያ በላይ አሮጌው፣ ወዛም ቢጫ። በመካከላቸው በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መስመር። ከላይ በኩል የደረቀ ጭቃ አሁንም ተጣብቋል፤ በጥፍሬ ስነካው ረገፈ። ከጎን ያሉትን ሽማግሌ ሄጄ ብጠይቃቸው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው "እስከዚህ ገብቶ ነበር" አሉኝ። ታዲያ ምነው አልነገሩኝም ብላቸው፣ "ማን ጠየቀኝ?" እውነታቸውን ነው። የቤቱን ማብሰያ ምድጃ አብርቼ አጥፍቼ ሞክሬአለሁ፣ አጥር አልፌ ጎረቤት አልጠየቅሁም።

ዋናው ጉዳት ግን ጭቃው አልነበረም። ፌማ የሚባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት የ50 በመቶ ደንብ የሚባል አለው። በጎርፍ ቀጠና ያለ አሮጌ ቤት ማደሻው የሕንፃውን የገበያ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ፣ ቤቱ እንደ አዲስ ግንባታ በዛሬው የጎርፍ ደንብ መሠረት መስተካከል አለበት። በተግባር ከፍ ማድረግ ወይም አፍርሶ መሥራት ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የሕንፃው ዋጋ ነው፣ መሬቱ አይቆጠርም። ውሃ ዳር ደግሞ ውዱ መሬቱ ነው። 790 ሺ የከፈልኩበት ቤት ሕንፃው ለብቻው ሲገመት 230 ሺ አልሞላም። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ያለ ፐርሚት፣ ያለ ግንባታ ፈቃድ፣ አደሰው። በ2024 ፌማ በኢያን ማግስት ያለ ፈቃድ ብዙ ተሠርቷል ብሎ የአካባቢው ነዋሪዎች በጎርፍ ኢንሹራንስ ላይ የሚያገኙትን 25 በመቶ ቅናሽ ሊያነሳ ተነሳ። ኬፕ ኮራል በኋላ ቅናሹን ባታጣም ፍተሻው ጠበቀ፤ እኔም ደብዳቤ ደረሰኝ። ሥራው የእሱ፣ ፐርሚቱ የኔ ዕዳ።

ይህን ሁሉ በአሥር ደቂቃ በነጻ ማወቅ ይቻል ነበር። የቤቱን አድራሻ ከተማው ፐርሚት መፈለጊያ ላይ ማስገባት ብቻ። አዲስ ኩሽና፣ አዲስ ድራይዎል፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር እያያችሁ ከመስከረም 2022 ወዲህ አንድም ፐርሚት ካላገኛችሁ፣ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

"ሻጩ የጎርፍ ታሪክ እንዲናገር ሕግ ወጥቷል" የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ፍሎሪዳ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ቅጽ ታስሞላለች። ቅጹ የሚጠይቀው ግን የሻጩን የራሱን ነው። ከጎርፉ በኋላ የገዛ ነጋዴ ካሳ አልጠየቀም፣ በእሱ ጊዜም ውሃ አልገባም፤ "የለም" ብሎ ሲፈርም አልዋሸም።

ኢንሹራንሱ ላይ ደግሞ ነፋስ ሌላ፣ ውሃ ሌላ መሆኑን ያዙ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለሕንፃ እስከ 250 ሺ፣ ለዕቃ እስከ 100 ሺ ዶላር ብቻ ነው፤ ግንቡንና የጀልባ ማቆሚያውን ከነጭራሹ አያውቃቸውም። አንድ ብልሃት ላካፍላችሁ፦ የሻጩ የጎርፍ ኢንሹራንስ ውል፣ ፖሊሲው፣ በሕይወት ካለ ወደ ገዢ ሊዛወር ይችላል፤ ዝቅ ያለው ዋጋም አብሮ ይመጣል፣ ጭማሪው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይሆናል። በኛ ቤት ከ20 ዓመት በላይ የኖሩት ባልቴት ፖሊሲ ነበራቸው። ነጋዴው ሲገዛ ጣለው። እኛ ከባዶ ጀመርን። የንብረት ግብሩም ያው ነው። ማስታወቂያው ላይ የነበረው ቁጥር የባልቴቷ ነው፣ በነዋሪነታቸው ዓመታዊ ጭማሪው ከ3 በመቶ እንዳያልፍ የተገደበላቸው። ቤት ሲሸጥ ግምቱ ወደ ገበያ ዋጋ ይዘላል።

አሁን ግንቡ። ቦይ ዳር ያለ ቤት መሬቱ እንዳይናድ ሲዎል የሚሉት የሲሚንቶ ግንብ አለው፣ ጥገናውም የባለቤቱ ነው። በ2017 ሃሪኬን ኢርማ፣ በ2022 ኢያን ብዙ ግንብ ጥለዋል። የኛ ቆሟል፣ ግን ከጀርባው ሣሩ ሰርጉዷል፤ ውሃው ሲጎድል በስንጥቁ አሸዋ ይዞ ይወጣል። ለ80 ጫማ 72 ሺ ዶላር ጠየቁኝ። የቤት ኢንስፔክተሩ ሪፖርት ስለግንቡ አንድ ቃል የለውም፤ የሱ ሥራ አይደለም፣ ለብቻው ባለሙያ መጥራት ነበረብኝ።

ጀልባውን ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ነው የገዛው። ከቦያችን እስከ ወንዙ አንድ ቋሚ ድልድይ አለ። ውሃው ሲሞላ የጀልባዋ ጣሪያ አያልፍም፣ እንደ አውቶቡስ ተራ ቁጭ ብለን መጉደሉን እንጠብቃለን። ካለፍን በኋላም ማናቲ የሚባሉትን የውሃ እንስሳት ላለመጉዳት በዝግታ 50 ደቂቃ። እዚያው ከተማ ውስጥ ድልድይ የሌለባቸው ሰፈሮች አሉ፣ ዋጋቸውም ሌላ ነው። ጭራሹን ከባሕር የማይገናኙ የጨዋማ ያልሆነ ውሃ ቦዮችም አሉ። በፎቶ ሁሉም አንድ ናቸው፣ "ውሃ ዳር"።

ከተማዋም አመሏ ነው። በ1957 መሬቱን ገዝተው ቦይ ያስቆፈሩት ሁለት ወንድማማቾች የኛው ጎረቤት የባልቲሞር ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን የፀጉር ቅባት ይሸጡ ነበር። መሬቱን ለሰሜን ሰው በእራት ግብዣና በወር ክፍያ ቸበቸቡት። ይህን ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ትናንት ማታ አንድ ወዳጄ ከኛ ሁለት ጎዳና ዝቅ ብሎ ያለ ቤት ላከልኝና "እንዴት ነው?" አለኝ። 42 ፎቶ አለው። ዘጠኙ ኩሽና፣ ስድስቱ ስትጠልቅ ፀሐይ። ግንቡ በአንዱም የለም። አድራሻውን ፐርሚት መፈለጊያው ላይ አስገባሁት፤ የመጨረሻው የ2009 የጣሪያ ሥራ ነው።