ዌብሳይትን በተለያዩ ብራውዘሮች ለመፈተሽ ምን ይግዙ? ለጅማ ዌብሳይት ሠሪዎች የቀረበ ንጽጽር

ጅማ ላይ ዌብሳይት የሚሠራ ሰው ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ክሮም ነው። ጎብኚው የሚከፍትበት ግን ሌላ ነው፦ ከታደሰ የቆየ አንድሮይድ ስልክ፣ ኦፔራ ሚኒ፣ አይፎን፣ ወይም ከቴሌግራም ሳይወጣ የነካው ሊንክ። ገጹ በእነዚህ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ገንዘብና ጊዜ የሚወጣባቸው መንገዶች አራት ናቸው፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ነጻ የስልክ ማሳያ፣ ያገለገሉ ስልኮች፣ በወር የሚከራይ የክላውድ አገልግሎት፣ እና እንደ ፕሌይራይት ያለ በራሱ የሚፈትሽ ፕሮግራም።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። በጀትዎ አንድ ነገር ብቻ የሚያስገዛ ከሆነ ሁለት ያገለገሉ ስልኮች ይግዙ፤ አንድ አንድሮይድ፣ አንድ አይፎን። ክላውዱን ሥራ በሚያስረክቡበት ወር ብቻ ይከራዩ። ፕሌይራይት የሚያዋጣው ገጹ ለበዛና ቶሎ ቶሎ ለሚቀያየር ዌብሳይት ነው።

ስሙ ብዙ፣ ሞተሩ ጥቂት

ብራውዘር ገጹን የሚስልበት ክፍል ሞተር ይባላል። ክሮም፣ ኦፔራ፣ ሳምሰንግ ኢንተርኔት፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህም ኤጅ፣ የሚሠሩት ብሊንክ በተባለው ሞተር ነው። ፋየርፎክስ ጌኮን፣ ሳፋሪ ደግሞ ዌብኪትን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ ክሮምን፣ ኤጅንና ኦፔራን ከፍቶ «በሦስት ብራውዘር ፈትሻለሁ» ማለት አንዱን ሦስት ጊዜ ማየት ነው። አይፎን ላይ ደግሞ አፕል፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከጥቂት ቦታዎች በቀር፣ ከዌብኪት ሌላ ሞተር አይፈቅድም። ኢትዮጵያ ውስጥ አይፎን ላይ የተጫነ ክሮም ስሙ እንጂ ውስጡ ዌብኪት ነው። «ሳፋሪ እምቢ ካለ በክሮም ክፈተው» የሚለው ምክር አይፎን ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ኦፔራ ሚኒ ለብቻው ይታይ። ዳታ በብዛት የሚቆጥበው ኤክስትሪም የተባለው አሠራር ሲበራ ገጹን የሚስለው ስልኩ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ነው፤ ስሎ፣ አጭቆ ይልከዋል። ጃቫስክሪፕት እዚያው ሰርቨሩ ላይ ለአፍታ ብቻ ይሠራል። ከገጹ ጋር የሚወርድ ፎንትም አይቀበልም።

የትኛው ይቅደም የሚለውን የሚወስነው የዌብሳይቱ ጎብኚ ነው። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ የጅማ ድርጅት ገዢዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው፤ አይፎን በበዛበት አገር፣ ሳፋሪ ላይ የተበላሸ ገጽ ማለት የተዘጋ ሱቅ ማለት ነው። ተማሪ የሚመዘግብ ኮሌጅ ተቃራኒው ነው፤ ለእሱ ርካሽ አንድሮይድና ኦፔራ ሚኒ ይቀድማሉ። ሆቴል ሁለቱንም ዓይነት ያስተናግዳል፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ከውጭ የሚመጣው እንግዳና ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የሚይዙት ስልክ አንድ አይደለም።

ነጻው የላፕቶፕ ማሳያ

ክሮም ላይ ኤፍ12ን ይጫኑ፤ ቀጥለው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤምን አንድ ላይ። ስፋቱን 360 ፒክስል ላይ ያድርጉት፤ ብዙ ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች ገጽን የሚያሳዩት በዚህ ስፋት ነው። ከስክሪን የሚወጣ ሠንጠረዥና ጣት የማያገኘው ትንሽ በተን እዚህ ይያዛሉ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚዘጋጅ ገጽን በሁለቱም ቋንቋ ይክፈቱት፤ በቁቤ አናባቢው እየተደገመ የሚረዝም ቃል ለአማርኛው ከተለካው በተን ሲተርፍ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ይህ ማሳያ ግን ሞተሩን አይቀይርም። ከዝርዝሩ አይፎን ቢመርጡም የሚስለው ያው ብሊንክ ነው፤ ፎንቱም የላፕቶፑ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራውን ሳፋሪ አውርዶ መሞከር ደግሞ ጭራሽ ያሳስታል። አፕል ያን ሥራ 5.1.7 ላይ ያቆመው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዛሬውን ገጽ አበላሽቶ ቢያሳይዎ ችግሩ የገጹ አይደለም። ሊኑክስ ያለው ሰው ኖም ዌብ የተባለውን ብራውዘር ቢጭን ይሻለዋል፤ በነጻ የሚገኝ፣ በዌብኪት የሚሠራ ነው።

ሁለቱ ስልኮች

ያገለገለ ስልክ ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ መስፈርቱን እንስጥ። አንድሮይዱ ራሙ 2 ወይም 3 ጊጋባይት፣ ሲስተሙ አንድሮይድ 8 ወይም 9 ይሁን። ለዚህ ሥራ ፈጣን ስልክ አይጠቅምም፤ የጎብኚውን ችግር ይደብቃል። ክሮም አንድሮይድ 7ን በ119ኛው፣ 8 እና 9ን በ138ኛው እትም ትቷቸዋል፤ ስልኩ ከዚያ በላይ አይሄድም ማለት ነው። ለፍተሻ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

አይፎን ላይ ሳፋሪ ለብቻው አይታደስም፤ ከሲስተሙ ጋር የተጣበቀ ነው። አይፎን 7 አይኦኤስ 15 ላይ፣ አይፎን 8 አይኦኤስ 16 ላይ ይቆማሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አቪፍ የተባለውን የምስል ዓይነት ሳፋሪ መክፈት የጀመረው በ16 ስለሆነ ያ ፎቶ አይፎን 7 ላይ አይከፈትም። ጥብቅ ፈተና ከፈለጉ 7፣ ለብዙው ሥራ የሚበቃዎ ግን 8 ነው። ሲገዙ ሻጩ ፊት ሁሉንም አጥፍተው እንደ አዲስ ያስነሱት፤ የቀድሞ ባለቤቱን የአፕል አካውንት ከጠየቀ ተቆልፏልና አይክፈሉ።

እጅ ላይ ያለ አይፎን የሚያጋልጠውን አንድ ስህተት ቀረብ ብለን እንይ። የሆቴል ክፍል መያዣ ፎርም ላይ የስም መጻፊያው ፊደል 14 ፒክስል ነው። ላፕቶፕ ላይ ያምራል። እንግዳው አይፎኑ ላይ ሣጥኑን ሲነካ፣ ፊደሉ ከ16 ፒክስል ስላነሰ ሳፋሪ ገጹን ራሱ ያጎላዋል። የቀኙ ጠርዝ ከስክሪን ይወጣል፤ «ላክ» የሚለው በተንም አብሮ ይሄዳል። እንግዳው ፎርሙ የተበላሸ መስሎት ይወጣል። መፍትሔው የመጻፊያውን ፊደል 16 ማድረግ ነው፤ የአንድ መስመር ሥራ። ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ያስቸግራል፤ «2025-03-04 10:00» ተብሎ የተጻፈውን ክሮም ሲያነበው የቆዩ ሳፋሪዎች ቀን አይደለም ይሉታል። በክፍት ቦታው ፋንታ ቲ የሚለውን የላቲን ፊደል ማስገባት ይፈታዋል።

የግዕዝ ፊደልም ለብቻው መፈተሽ አለበት። ዊንዶውስ፣ አንድሮይድና አይፎን የሚይዙት የአማርኛ ፎንት የተለያየ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አፕል ላይ ኬፋ። የፊደሉ ስፋትና ቁመት ስለሚለያይ አንዱ ላይ በአንድ መስመር ያለቀ ርዕስ ሌላው ላይ ሁለት መስመር ይሆናል። የራስዎን ፎንት ከገጹ ጋር ከጫኑ ደግሞ ደማቁንም ይጫኑ። ቀጭኑ ብቻ ካለ ብራውዘሩ ርዕሱን ራሱ ያደልበዋል፤ ፊደሉ ይደፈናል። በትንሽ መጠን የኬ ቀለበት ተደፍኖ ኪ ይመስላል፤ «ኬክ» የሚለውም «ኪክ» ተብሎ ይነበባል። ይህን የውጭ አገር ፈታሽ አያየውም፤ አማርኛ የሚያነብ ዓይን ይፈልጋል።

አንድሮይዱ ላይ ኦፔራ ሚኒን ጭነው ኤክስትሪሙን ያብሩ። ገጹ ላይ ያሉት የሜኑ፣ የስልክና የካርታ ምልክቶች በፎንት የተሠሩ ከሆኑ በቦታቸው ባዶ ሣጥን ያያሉ። ስለዚህ ከምልክቱ ጎን «ሜኑ» ብሎ መጻፍ ወይም ምልክቱን በምስል ማድረግ ይሻላል። ቀጥሎ ሊንኩን በቴሌግራም ለራስዎ ልከው እዚያው ይክፈቱት። በመተግበሪያ ውስጥ የሚከፈት ብራውዘር ፋይል ማስገባትና ማውረድ ላይ ብዙ ጊዜ ይሰናከላል፤ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ የሚጠይቅ የምዝገባ ፎርም ሳይፈተሽ መውጣት የሌለበት እዚህ ነው።

ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በኬብል ማገናኘት ሌላም ጥቅም አለው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን ከፍተው የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ይንኩ፤ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ። እዚያ የዩኤስቢ ዲበጊንግን ያብሩና በላፕቶፑ ክሮም የኢንስፔክት ገጹን (chrome://inspect) ይክፈቱ። ስልኩ ላይ ያለው ገጽ ስህተቱን ላፕቶፑ ላይ ይናገራል። እዚያው ያለውን ፖርት ፎርዋርዲንግ ካስተካከሉ ስልኩ ገና ኢንተርኔት ላይ ያልወጣውን ሥራ ከላፕቶፑ ላይ ያነባል፤ ዳታ አይበላም። አይፎንን እንዲህ ለመመርመር ግን ማክ ያስፈልጋል። ማክ ከሌለ አይፎኑ የሚያሳይዎ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም፤ የዚህ መንገድ ትልቁ ድካም ይህ ነው።

ክላውዱ

ብራውዘርስታክ፣ ላምዳቴስትና ሶስ ላብስ በሩቅ ያለ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ያከራያሉ። እርስዎ ጋ የሚደርሰው የዚያ ስክሪን ቪዲዮ ነው። ብራውዘርስታክ በስልክ በኩል እውነተኛ ስልኮችን ስለሚያቀርብ ለእጅ ፍተሻ እሱን እናስቀድማለን። ላምዳቴስት በሶፍትዌር የተመሰለ ስልክም እውነተኛ ስልክም አለው፤ ሲከራዩ የትኛውን እንደያዙ ያረጋግጡ፣ ክፍያውም ሥራውም አንድ አይደለም። ሶስ ላብስ ፍተሻውን በኮድ ለሚያስኬድ ትልቅ ቡድን የተሠራ ነው፤ ለሁለትና ሦስት ሰው ቢሮ ይበዛል።

የክላውዱ ብርታት ብዛቱ ነው። ማክ ላይ ያለ ሳፋሪ፣ አዲሱ አይፎን፣ አሮጌው ዊንዶውስ ሁሉም አንድ ቦታ ይገኛሉ፤ አይፎኑም ላይ ስህተቱን ከነምክንያቱ መመርመር ይቻላል፣ ያለ ማክ። ለቡና ላኪው ዌብሳይት ይህ ገንዘቡን የሚያወጣ ነው።

ጅማ ላይ ግን ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው ክፍያው ነው። ሒሳቡ በዶላር ሆኖ ወደ ውጭ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፤ በቴሌብር አይከፈልም። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዓመቱን ወጪ በብር አስልቶ ለደንበኛ ቁርጥ ዋጋ መስጠትም አደገኛ ነው። በወር የሚከፈለው ከዓመቱ ይወደዳል፣ ሆኖም ለዚህ አካባቢ የሚሻለው እሱ ነው። ሁለተኛው መስመሩ ነው። ቪዲዮው ሲንተፋተፍ ገጹ የዘገየ ይመስላል፤ ፍጥነትን በዚህ መንገድ አይለኩ። መብራት ሲሄድም የጀመሩት ይቋረጣል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የሚፈትሹትን 5 ወይም 6 ገጽና 4 መሣሪያ በወረቀት ይጻፉ፤ ፎርሙን፣ ሜኑውን፣ ክፍያውን ያስቀድሙ። የእርስዎን ቴሌግራምና የአገር ውስጡን ኔትወርክ እዚያ አያገኙም።

ፕሌይራይት

ማይክሮሶፍት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነጻ ፕሮግራም ነው። ክሮሚየምን (የክሮምን መሠረት)፣ ፋየርፎክስንና ዌብኪትን ከፍቶ ገጹን ይጎበኛል፤ የስክሪን ፎቶ አንስቶ ካለፈው ጋር ያነጻጽራል። ብራውዘሮቹ ሲወርዱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላሉ፤ ኮድ መጻፍም ያስፈልጋል። 30 እና 40 ገጽ ላለው የኮሌጅ ዌብሳይት፣ አንድ ለውጥ ባደረጉ ቁጥር ሁሉንም በእጅ ከመክፈት ያድናል። ለአምስት ገጽ የሆቴል ዌብሳይት መማሪያው ጊዜ ራሱ አይመለስም። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ዌብኪቱ ሳፋሪ አይደለም፤ ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ ፎንቱም ቪዲዮውም የአይፎኑን አይመስልም። መነሻ ፎቶዎቹም በአንድ ዓይነት ሲስተም ይነሱ፤ ዊንዶውስ ላይ የተነሳው ከሊኑክሱ ጋር ሲነጻጸር በፊደሉ አሳሳል ምክንያት ብቻ «ተበላሽቷል» ይላል።

ዌብሳይት የሚያሠሩ ድርጅቶች የትኛውም መሣሪያ ቢመረጥ ውሉ ላይ ይህን ያስጽፉ፦ ክሮም አንድሮይድ 8 ላይ፣ ሳፋሪ ከአይኦኤስ 15 ጀምሮ፣ ፋየርፎክስና ኤጅ የቅርቡ እትም፤ ኦፔራ ሚኒ ላይ ደግሞ ጽሑፉ ይነበብ፣ ፎርሙ ይላክ። ርክክቡም ሠሪው ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን እርስዎ በያዙት ስልክ ላይ፣ ፎርሙን ራስዎ ሞልተው ልከው ይሁን።