ዩካታን ወይስ ጓቲማላ? የማያ ፍርስራሽ ለማየት ላሰበ ሰው

የጥንት ማያዎች ከተሞች በሜክሲኮ፣ በጓቲማላ፣ በቤሊዝ፣ በሆንዱራስና በኤል ሳልቫዶር ተበትነዋል። በአንድ ጉዞ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም። ብዙ ሰው በመጨረሻ የሚያማርጠው ሁለት ቦታ ነው፦ የሜክሲኮውን ዩካታንና ጓቲማላን። አስጎብኚዎች ለሁለቱም የሚሸጡት ፓኬጅ ተመሳሳይ ነው። ፍርስራሽ አለ፣ ስፔኖች የቆረቆሩት ከተማ አለ፣ ተፈጥሮ አለ። ወረቀት ላይ ስታዩት ልዩነቱ አይታይም። ቦታው ላይ ግን በፍጹም አይገናኙም።

እኔ ከፍርስራሹ ዝና በፊት መንገዱን እዩ ባይ ነኝ።

መንገዱ

የዩካታን ግዛት ሜዳ ነው። ዋና ከተማው ሜሪዳ ላይ አንድ ሆቴል ከያዛችሁ አብዛኛውን ነገር በቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ዝነኛው ፍርስራሽ ቺቼን ኢትዛ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌላው ፍርስራሽ ኡሽማል 80 ገደማ፤ የድሮዋ ከተማ ኢሳማል ከዚያም ትቀርባለች። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ መኪና ተከራይቶ መንዳትም የተለመደ ነው። ግዛቱ በሜክሲኮ ውስጥ ሰላማዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ትሬን ማያ የተባለው ባቡርም አለ። ጣቢያዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ከጣቢያ የሚያደርሳችሁን ነገር አብራችሁ አስቡበት።

ጓቲማላ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ስፔኖች የቆረቆሯት አንቲጓ በደቡብ፣ በተራሮች መካከል ናት። ትልቁ የማያ ፍርስራሽ ቲካል በሰሜን፣ ፔቴን የሚባለው ጫካ ውስጥ ነው። በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ አውቶቡሱ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል። ከጓቲማላ ሲቲ ለቲካል ቅርብ ወደሆነችው ፍሎሬስ የሚበረው አውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅበት ነው። ስለዚህ ፓኬጅ የሚሸጥላችሁን ሰው በመጀመሪያ ይህን ጠይቁት፦ የአገር ውስጥ በረራው ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? "በመኪና ነው" ካለ ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ቀን ከጉዟችሁ ላይ ቀንሱ። ርካሽ የሚመስለው ፓኬጅ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነም እዚያ በሌሊት አትንዱ።

ፍርስራሾቹ

ቺቼን ኢትዛን በፎቶ የማያውቅ የለም። ኩኩልካን የተባለው ፒራሚድ በአራቱም ጎን 91 ደረጃ አለው። ከላይ ያለችው አንዷ ስትጨመር 365 ይሆናል፤ የዓመቱ ቀናት ቁጥር። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢትና በመስከረም፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው በደረጃው ጠርዝ ላይ እንደ እባብ እየተጥመዘመዘ ይወርዳል። የኳስ ሜዳው ብቻ 168 ሜትር ይረዝማል። ታላቅ ቦታ ነው፤ ዝናው ይገባዋል።

ግን ፒራሚዱ ላይ መውጣት ከተከለከለ ቆይቷል። ከባሕር ዳርቻዋ የመዝናኛ ከተማ ከካንኩን የሚመጡት አውቶቡሶች ረፋዱ ላይ ሰው ያራግፋሉ። መግቢያው ደግሞ ሁለት ክፍያ አለው፤ አንዱ ለፌዴራል መንግሥት፣ ሌላው ለግዛቱ። አንዱን ብቻ ከፍላችሁ አትገቡም። መሄድ ከፈለጋችሁ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ባያዶሊድ እደሩና ጠዋት 2 ሰዓት በሩ ሲከፈት እዚያው ሁኑ። እሑድ ለሜክሲኮ ዜጎች ነጻ ስለሆነ በጣም ይጨናነቃል።

በዩካታን አንድ ፍርስራሽ ብቻ የሚያይ ሰው ቢጠይቀኝ ኡሽማል እለዋለሁ። ሰው ያንሳል። የጠንቋዩ ፒራሚድ ጠርዞች ክብ ናቸው፤ እንደዚህ ያለ ፒራሚድ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። የገዥው ቤተ መንግሥት ግድግዳ በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥርብ ድንጋዮች እየተገጣጠመ የተሠራ ነው። አፍንጫው የታጠፈው የዝናብ አምላክ ቻክ ከየግድግዳው ያያችኋል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አካባቢ ወንዝ የለም፤ እንደ ሰሜኑ የከርሰ ምድር ውኃ በቅርብ አይገኝም። ሰዎቹ የሚኖሩት ዝናብ በጉድጓድ እያጠራቀሙ ነበር። ዝናብ ከቀረ ከተማው አለቀ። ይህን አውቆ ግድግዳውን ማየት ሌላ ነገር ነው።

ቲካል ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ዩኔስኮ በ1979 የመዘገበው በታሪኩም በተፈጥሮውም ነው። ብሔራዊ ፓርኩ ከ570 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው የምትሄዱት በጫካ መንገድ ነው፤ ቱካን ወፍ ከላይ፣ ጦጣ ከጎን። ሆውለር የሚባለው ጦጣ ንጋት ላይ ሲያገሳ አንበሳ መሰለኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። 47 ሜትር ከፍታ ባለው አንደኛው ቤተ መቅደስ ሥር የንጉሥ ሃሳው ቻን ካዊል መቃብር ተገኝቷል። አራተኛው ከ60 ሜትር ይበልጣል፤ በጎኑ በተሠራው የእንጨት ደረጃ ይወጣል። ከዚያ ስታዩ ጫካ ብቻ ነው፤ ከቅጠሉ በላይ የሌሎቹ ቤተ መቅደሶች ጫፍ ብቅ ብቅ ይላል። በሕይወታችሁ አንድ የማያ ከተማ ብቻ የምታዩ ከሆነ፣ ድካሙ ቢበዛም ቲካል ይሁን። ለግማሽ ቀን ግን አትሂዱ። ፍሎሬስ ወይም ፓርኩ ውስጥ እደሩ።

ከተሞቹ

ሜሪዳን ስፔኖች በ1542 የቆረቆሯት ቲሆ በምትባል የማያ ከተማ ላይ ነው። የካቴድራሉ ድንጋይ ከፈረሱት የማያ ቤተ መቅደሶች የመጣ ነው። ሙዚየም፣ ገበያና የማታ ሙዚቃ ያላት ትልቅ ከተማ ናት። ሙቀቷ ግን ይከብዳል፤ በሚያዝያና በግንቦት 40 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል።

ኢሳማልን አትለፏት። ከተማው በሙሉ ቢጫ ነው፤ ገዳሙም በማያ መድረክ ላይ ተሠርቷል። ከገዳሙ ጋር ስሙ የሚነሳው መነኩሴ ዲዬጎ ዴ ላንዳ በ1562 ማኒ በምትባል ከተማ የማያዎችን መጻሕፍት ሰብስቦ ያቃጠለ ሰው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው። የብራና መጽሐፍ ዋጋ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ያማል። አስጎብኚያችሁ ካላነሳው ጠይቁት።

አንቲጓ በእግር ለመዞር የተሻለች ናት። ትንሽ ናት፤ መንገዷ ኮብልስቶን ነው፤ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ለደገኛ ይስማማል። የ1773ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈራርሳት ዋና ከተማነቱ ተነሣ። የፈረሱት አብያተ ክርስቲያናት እስካሁን እንደፈረሱ ቆመዋል። በሰሞነ ሕማማት መንገዱ በቀለም በተነከረ ሰጋቱራና በአበባ ምንጣፍ ይሸፈናል፤ ሥነ ሥርዓቱ በላዩ ያልፋል። ቀኑ የካቶሊኮች ስለሆነ ከእኛ ፋሲካ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሆቴል ደግሞ ከወራት በፊት ያልቃል።

ተፈጥሮው

የዩካታን ሀብት ሴኖቴ ነው። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስ ንጹሕ ሰማያዊ ገንዳ ይወጣል። መዋኘት ለማይችል ላይፍ ጃኬት ይከራያል። የፀሐይ ቅባት ተቀብታችሁ አትግቡ፤ ውኃውን ይበክላል። ሴሌስቱን ላይ ደግሞ በጀልባ ፍላሚንጎ ይታያል።

ጓቲማላ እዚህ ላይ ይበልጣል። አቲትላን ሐይቅ በሦስት እሳተ ገሞራ ተራሮች የተከበበ ነው፤ ከመንደር ወደ መንደር በጀልባ ትሄዳላችሁ፤ ሰዉ ካክቺኬልና ሱቱሂል የተባሉ የማያ ቋንቋዎች ይናገራል። ጉልበት ያለው አካቴናንጎን ይወጣል፤ 3,976 ሜትር ነው። ማታ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ጎረቤቱ ፉዌጎ እሳት ሲተፋ ያያል። ፉዌጎ በ2018 ብዙ ሰው ገድሏል፤ ጋይዱ አትሂዱ ካለ አትከራከሩ።

ምግብና ቪዛ

የዩካታን ስመ ጥር ምግቦች ኮቺኒታ ፒቢልና ፖክ ቹክ የአሳማ ሥጋ ናቸው። ለማይበላ ሰው በዱባ ፍሬ ስልስ የሚቀርበው የእንቁላል ፓፓሱሌስ አለ። ጓቲማላ ላይ የዶሮ ፔፒያን ይጣፍጣል። ጿሚ በሁለቱም አገር ቶርቲያና ባቄላ ያገኛል። ባቄላው ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይሠራልና "ሲን ማንቴካ" በሉ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ የሚሰራ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የእንግሊዝ፣ የጃፓን ወይም የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው ለሜክሲኮ ጉብኝት ሌላ ቪዛ አይጠየቅም። ለጓቲማላ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቆንስላውን ጠይቁ።

ልጆች ወይም እናትና አባት ይዛችሁ ለአንድ ሳምንት ከሆነ፣ ሳታመነቱ ዩካታን፤ ሦስት ሌሊት ሜሪዳ፣ ሁለት ባያዶሊድ። አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ካላችሁ፣ መራመድም ካልከበዳችሁ ጓቲማላ፤ በረራውን ጨምራችሁ። ለሁለቱም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ዝናቡ ያበቃል፣ ሙቀቱም ገና ነው።